አልበራም ያለው ጥብጣብ

ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ ዝም ማለት ካቃታችሁም እየተንጫጫችሁ ስሙኝ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ የሚያስረዝመው መደጋገሙ ነው።

በስመ አብ ብዬ ልጀምር። እኔ እንግዳወርቅ፣ የላይኛው ሰፈር ሸማኔ፣ የፈለግሁት አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። መብራት። ያውም ቤት ሙሉ መብራት አይደለም፤ ከሁለቱ እጆቼ በላይ የምትሆን፣ ድሩን ከማጉ የምትለይልኝ ትንሽ መብራት።

ለምን ብትሉ፣ ልጄ አስናቀች ከአምስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። በእነዚያ አምስት ዓመታት እኔ እመቤቴ ማርያምን፣ «የልጅ ልጅ አሳይኝ እንጂ የክርስትና ልብሱን በገዛ እጄ እሠራለሁ፣ ከገበያ አላስገዛም» ብዬ ተስያለሁ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ነው። ድሩን ዘርግቼዋለሁ፤ አንድ ክንድ ሠርቻለሁ፤ ያንኑ አንድ ክንድ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል። የሸማው ጉድጓድ የተቆፈረው ከጓዳው በኩል ነው፤ የጣራው አምፖል ደግሞ ከጀርባዬ ስለሆነ የገዛ ራሴ ጥላ ሸማው ላይ ይተኛል። ነጭ ድር፣ ነጭ ማግ፣ ጥቁር ጥላ። በቀን ጨለማ።

ከሐያት ሱቅ ኤልኢዲ የሚሉትን የጥብጣብ መብራት ገዛሁ። ሐያት የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጥ፣ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ልጅ ናት። «አባባ፣ ይሄ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሰኩት፣ ይቃጠላል። አሥራ ሁለት የሚሰጥ ነገር ይፈልጉለት» አለችኝ። አሥራ ሁለት ስትል ደስ አለኝ፤ በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። ቤት ደግሞ ከተበላሸው የቴሌቪዥን ዲኮደር የተረፈች ትንሽ ጥቁር አዳፕተር አለችኝ፤ ጀርባዋ ላይ አሥራ ሁለት ተጽፎባታል። አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት። ምን ጎደለኝ?

ጥብጣቡ አምስት ሜትር ነው፤ በእኔ ክንድ ስለካው አሥር ክንድ። በየሦስቱ መብራት መካከል ትንሽ መስቀል ተስሎበታል። ሠሪው አማኝ ሰው ነው ብዬ በጣቴ ነክቼ ተሳለምኩት። ከዚያ ማግ በቀሰም እንደሚጠመጠም ሁሉ፣ በወፍራም ሸንበቆ ላይ ዙሪያውን ጠመጠምኩትና ከጉድጓዱ በላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ይመኙሻል በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ይሄን ሁሉ?» አለች።

«ታዲያስ?»

«እጅህ እኮ ሁለት ነው። አሥር ክንድ መብራት ለሁለት እጅ?»

«በእኛ ሥራ ድር ሳያልቅ መቀስ ይነካዋል? ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እሱ ድር ነው?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔም አዳፕተሯን ሰካሁ። ብልጭ አለ። ድርግም አለ። ብልጭ። ድርግም። አዳፕተሯን ብነካት እንደ ተቀቀለ ድንች ትፋጃለች። ነቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ እንደገና ሰካሁ። ብልጭ፣ ድርግም። ጸሎቱ ተሰምቷል፤ ያልሰማኝ ኤሌክትሪኩ ነው።

ሸንበቆዬን ከነጥብጣቡ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ አዳፕተሯን ኪሴ ከተትኩ፣ ወደ ሐያት ሄድኩ።

«አባባ፣ አሥራ ሁለቱ ልክ ነው» አለች አዳፕተሯን አገላብጣ። «ያነሰው አምፔሩ ነው። የእርስዎ አንድ ነው። ጥብጣቡ በሙሉ ስድስት ይፈልጋል።»

«አሥራ ሁለት ብለሽኝ ነበር። አሁን ደግሞ ስድስት?»

«አሥራ ሁለቱም ነው፣ ስድስቱም ነው።»

«አሥራ ስምንት?»

«አይደመርም፣ አባባ።» ዓይኗን ጨፍና ትንሽ አሰበች። «ቮልት ማለት ውሃው ምን ያህል ከፍ ካለ ቦታ ይወርዳል ማለት ነው፤ አምፔር ደግሞ ምን ያህል ውሃ ይወርዳል።»

«ውሃና ኤሌክትሪክ እንዳይገናኙ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ውሃውን ይተዉት። ሁለት ተሸካሚዎች አሉ እንበል። ቁመታቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም አሥራ ሁለት። አንደኛው የሚችለው አንድ ጆንያ ነው፣ ሌላኛው ስድስት። እርስዎ አንድ ለሚችለው ስድስት ጫኑበት። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል።»

ይሄ ግማሹ ገባኝ። የወደቀው ሰው አሳዘነኝ። «ስድስት የሚሸከም አለሽ?»

«ስድስት የሚሸከመው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሳጥን ነው፤ አልቆብኛል፤ አዲሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። ያለኝ ያ ብቻ ነው» አለችና ከሱቋ በር በላይ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የስሟን ማስታወቂያ አሳየችኝ። ከጎኑ አንድ ወንፊት የመሰለ የብረት ሳጥን አለ፤ ስሟን የሚያበራው እሱ ነው። «ለአስናቀች ልጅ ከሆነ ዘጠኝ ቀን ስሜ ሳይበራ ይቆይ። ይውሰዱት። ግን የሰቀለው ሰውዬ መሰላሉንም ይዞ ሄዷል። መሰላል ያምጡና እናውርደው።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ልብ አድርጉ፦ ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ። የሕፃኗ ልብስ ደግሞ ያለ ጥብጣቡ አይሠራም። ሄድኩ ወደ ዘርጋው።

ዘርጋው አናጢ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። ሸንበቆውን ትከሻዬ ላይ ሲያይ መጋዙን አቆመ።

«ሸማውን ትተህ ዓሣ ማጥመድ ጀመርክ?»

«ዘርጋው፣ አትቀልድ። ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ። መሰላልህን ስጠኝ።»

«ጥብጣብ መቼ ነው መናገር የጀመረው?»

«ስድስት ጆንያ ተጭኖበት ነው።»

ዘርጋው ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሰላሉን አሳየኝ። ሦስተኛው ርብራብ ከአንድ ወገን ተነቅሏል። «እንጨቱ በስብሷል፣ ምስማር አይዝም። በጠንካራ ገመድ ተጠፍሮ ካልታሰረ አልሰጥህም። አንተ ብትወድቅ ይመኙሻል እኔን ነው የምትረግመኝ።»

«ገመድ አምጣና ጠፍረው እንጂ።»

«ገመዴ እትዬ ስንዱ ጋ ነው። ለአንድ ቀን ብላ ከወሰደችው ሁለት ወር አለፈው። ሄደህ ተቀበልልኝ።»

እንግዲህ ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ፤ መሰላሉ ያለ ገመድ አልቆምም አለ። እኔም እመቤቴ አንቺ ታውቂያለሽ እያልኩ ወደ እትዬ ስንዱ ወረድኩ። ሸንበቆው መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ያስቀዋል። ልጆች ከኋላዬ ተሰለፉ። «አባባ፣ ሠርግ ነው?» ይሉኛል። ክርስትና ነው ብላቸው አላመኑኝም።

እትዬ ስንዱ ግቢዋ ውስጥ፣ የቤቷ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍላለች። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን፣ ጤና ተጠያየቅን፣ ሕፃኗን ጠየቀችኝ። ከዚያ ነገሩን ነገርኳት።

«እትዬ ስንዱ፣ ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ፤ መሰላሉ ያለ ገመድ አልቆምም አለ። የዘርጋውን ገመድ ስጪኝ።»

«የኔ ጌታ፣ ገመዱ ይኸው» አለች በእጇ እያሳየችኝ። «የገመዱ ሌላ ጫፍ ግን ጊደሯ ናት።»

እውነት ነው። ዳማ የምትባለዋ ጊደር በገመዱ ጫፍ ቆማ የባቄላውን ልጣጭ ታላምጣለች። እኔን አየችኝ፣ ሸንበቆውን አየችው፣ ማላመጧን ቀጠለች።

«ፍቺያትና ግቢ ውስጥ ትዋል።»

«በሩን አላየኸውም?»

ዞሬ አየሁት። የቆርቆሮው በር ማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ለካ ስገባ በበር ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ነው የገባሁት። «ብፈታት በቀጥታ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ናት። ባለፈው ሳምንት ገብታ ሁለት መደብ አወደመች፤ እስካሁን ከሴትዮዋ ጋር ዓይን ለዓይን አንተያይም። ከፋለ በያጁ፣ ማጠፊያ እሠራልሻለሁ ካለ ቆይቷል። በሩ ከተዘጋ የሰው ገመድ ምን ያደርግልኛል?»

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ እኔ ጣቴ ሊያልቅብኝ ነው። ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ፤ መሰላሉ ያለ ገመድ አልቆምም አለ፤ ገመዱ ያለ በር ጊደሯን አልለቅም አለ፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አልዘጋም አለ። አንዱን ስጎትት አምስት ይመጣል። በእኛ ሥራ እንዲህ የሚሆነው የተወሳሰበ ክር ነው፤ ጫፉን እስኪያገኙ ድረስ ዝም ብሎ መከተል ነው። ተከተልኩ።

ከፋለ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ጫማዬን ይዞ የሚቆም ትሑት ልጅ። ዛሬ ግን መበየጃ ማሽኑን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ከፋለ ልጄ፣ ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ፤ ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ፤ መሰላሉ ያለ ገመድ አልቆምም አለ፤ ገመዱ ያለ በር ጊደሯን አልለቅም አለ፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አልዘጋም አለ። ማጠፊያው የታለ?»

ከፋለ አንዴ ሸንበቆውን፣ አንዴ እኔን አየ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣ?»

«አላበድኩም። ማጠፊያውን አምጣ።»

ማጠፊያውን ከኪሱ አወጣው። ተቆርጦ፣ ተሞርዶ ተዘጋጅቷል። «ሁለቱን ብረት አንድ ላይ መበየድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በላ በይደው።»

«አልበይድም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ከግንቡ ማዶ ወዳለው ቤት በአገጩ አመለከተ። እማሆይ ወለተ ሐና የሚኖሩበት ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሽኑን በለኮስኩት ቁጥር የዚህ መስመር መብራት ይወርዳል፣ ይወጣል። የእማሆይ አምፖል በኔ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። አንድ ቀን አልተቆጡኝም። ባለፈው እሁድ ግን፣ ‹ከፋለ፣ ከእንግዲህ ዳዊቴን ፀሐይ ስታሳየኝ ብቻ ነው የምደግመው› አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እጄ ማሽኑን አልነካ አለኝ።»

«ገዘቱህ?»

«ቢገዝቱኝማ ይፍቱኝ ብዬ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። እፍረት ነው። እፍረትን ማን ይፈታዋል?» አንዲት ትንሽ ባትሪ ከጥግ አነሳ። «የሞተር ባትሪ አለችኝ፣ አሥራ ሁለት ናት። በዚህች የሚበራ ነገር ባገኝ ከመስመሩ ተለይቶ ይበራላቸው ነበር፤ እኔም በሰላም እበይድ ነበር። የሚበራውን ነገር ግን አጣሁ። እሱ የያዙት ምንድን ነው?»

«አሥራ ሁለት ነው። ግን ስድስትም ነው። አይደመርም።»

ከፋለ ሸንበቆውን ተቀብሎ ጥብጣቡን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሁሉ? አንድ ሰዓት ሳይሞላው ባትሪዬን ጠጥቶ ይጨርሳታል።»

«እኔም አንድ ተሸካሚ ገድዬበታለሁ» አልኩ። ጥብጣቡ መካከላችን ነበረ። ዓይናችን ላይ ነበረ። አላየነውም።

ግንቡን ዞሬ ወደ እማሆይ ገባሁ። በራቸው ላይ፣ ፀሐይዋ ባረፈችበት በኩል ዱካቸው ላይ፣ ትንሿ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይዘዋል። ፀሐይዋ ስትሸሽ ዱካውን ያስጠጋሉ፤ ከጥዋት ጀምሮ የተጠጉበት ፈለግ መሬቱ ላይ ተሥሏል። እጃቸውን ስሜ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆነሃል፣ እንግዳወርቅ? ፊትህ ጠቁሯል።»

«እማሆይ፣ ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ። ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ። መሰላሉ... መሰላሉ ያለ በር ጊደሯን አልለቅም አለ። ጊደሯ ያለ ማጠፊያ አልቆምም አለች...»

«ቆይ፣ ቆይ። ጊደሯን መሰላል ላይ ምን አወጣት?»

«ገመዱ፣ እማሆይ። ገመዱን ረሳሁት።»

«ከመጀመሪያው። ቀስ ብለህ።»

አማተብኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ጥብጣቡ ያለ ሳጥን አልበራም አለ። ሳጥኑ ያለ መሰላል አልወርድም አለ። መሰላሉ ያለ ገመድ አልቆምም አለ። ገመዱ ያለ በር ጊደሯን አልለቅም አለ። በሩ ያለ ማጠፊያ አልዘጋም አለ። ማጠፊያው ያለ ብየዳ አልይዝም አለ። ብየዳው ደግሞ ያለ እማሆይ መብራት አልለኮስም አለ። ከኋላ ያሉት ሁሉ እርስዎን እየጠበቁ ነው፣ የአስናቀች ልጅም ጭምር። ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት።»

እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ። «ምስኪን ከፋለ። ስለ ፀሐይ የተናገርኩት እኮ ዝም ብዬ ነው።» ወደ ሸንበቆዬ አዩና፣ «እኔ የምፈልገው ገጹን የሚያሳየኝ ብቻ ነው። ጧፍ የምታህል። ያንተ ጥብጣብ ስንት ክንድ ነው?»

«አሥር።»

«አንዱን ስጠኛ።»

«አይቆረጥም፣ እማሆይ።»

«ማን አለ?»

«ድር ሳያልቅ መቀስ አይነካውም።»

«ድር ነው እንዴ?»

«ይመኙሻልም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ደግሞ መስቀል አለበት። በየሦስቱ መብራት መስቀል ተስሎበታል፤ መስቀል ላይ እንዴት መቀስ አሳርፋለሁ?»

እማሆይ መነጽራቸውን አደረጉ። በድሮ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት ይሰፉ ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ነው የተዉት። ጥብጣቡን ወደ ፀሐይዋ አስጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የታመሙ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«እንግዳወርቅ፣ ና እይ። ይሄ ሁለት ቀለበት፣ ይሄ ሁለት ስለት። ሠሪው መቀስ ነው የሣለልህ። ከዚህ ቁረጥ እያለህ ነው።»

አየሁት። መቀስ ነው። ከሥሩም ቀጭን መስመር ተሰምሮለታል።

«ተሳልሜዋለሁ፣ እማሆይ።»

«መቀስ ተሳልመሃል። ግድ የለም፣ እግዜር ያሰብከውን ነው የሚያየው።»

ሣጥናቸውን ከፍተው የድሮ መቀሳቸውን አወጡና ሰጡኝ። አሁን ስቁ፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ያላለቀ ነገር ቆርጬ አላውቅም። ቢበላሽስ? ሙሉው ቢሞትስ? የሐያት ሱቅ ባዶ ነው፣ ቀኑ ዘጠኝ ነው፣ ስለቱ የእመቤቴ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ከጥዋት ጀምሮ ፀሐይ ተከትለው ዱካ ሲገፉ ውለዋል። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኩና አንድ ክንድ ለክቼ፣ መስመሩ ላይ፣ ቆረጥኩ።

ከፋለን በግንቡ ላይ ጠራነው። ባትሪዋን ታቅፎ መጣ። ከጥብጣቡ ጫፍ ሁለት ቀጭን ሽቦ አያያዘ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። በራ። ድርግም አላለም። የእማሆይ ጓዳ ከነጥጉ፣ ከነሥዕሉ፣ ከነመቋሚያው ታየ። እማሆይ ገቡና ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። ከፋለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አይቼው ነበር፣ ግን ያላየሁ መሰልኩ።

«ባትሪህን አይጨርስብህም?» አልኩት፣ እሱ ፊቱን እስኪጠርግ።

«ይቺማ ምን ትጠጣለች? ሙሉው ስድስት ከጠጣ፣ ይቺ የአሥር አንድ ናት። ግማሽ አምፔር ትንሽ አለፍ ብትል ነው።»

ግማሽ ትንሽ አለፍ። ኪሴ ውስጥ እጄ አዳፕተሯን ነካ። አንድ። አንድ ነው ያለችው ሐያት። ጣቴን ቆጠርኩ፣ መልሼ ቆጠርኩ።

«ከፋለ ልጄ፣ አንድ ጆንያ የሚችል ሰው ግማሽ ቢጭኑበት ይወድቃል?»

«ይሮጣል እንጂ፣ ጋሼ።»

አዳፕተሯን አውጥቼ አየኋት። እሷ ከጥዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተመስገን አልኩ፣ ከዚያ እንደገና ግራ ገባኝ። «እንግዲህ ሳጥኑን ካልፈለግሁት፣ ያ ሁሉ መሰላልና ጊደር ምን ይሁን?»

«ያስቸገርካቸውን ሰዎች በሄድክበት መንገድ ተመለስባቸው» አሉ እማሆይ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ።

ተመለስኩ። እማሆይ በራላቸው፤ ብየዳው ተለኮሰ። የሰፈሩ መብራት ወረደ፣ ወጣ፤ የእማሆይ ግን ንቅንቅ አላለም። ብየዳው ሲለኮስ ማጠፊያው ያዘ፤ ማጠፊያው ሲይዝ በሩ ተዘጋ፤ በሩ ሲዘጋ ገመዱ ጊደሯን ለቀቀ። ዳማ ሮጣ ሄዳ በሩን በግንባሯ ገፋችው፣ አልከፈት ሲላት እኔን በቂም አየችኝ። ገመዱ ሲፈታ መሰላሉ ታሰረ፤ ዘርጋው ሁለት ወር የናፈቀውን ገመድ እያገላበጠ፣ «ጊደሯ ከኔ በተሻለ ይዛዋለች» አለ። መሰላሉ ሲታሰር እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተሸክመነው ሐያት ሱቅ በር ላይ አቆምነው።

«ጎበዝ» አለች ሐያት። «እናውርደው።»

«ሳጥኑን አልፈልገውም» አልኩ።

«ታዲያ መሰላሉን ለምን አመጡት?»

«እኔም መንገዱን ሁሉ እሱን እያሰብኩ ነው የመጣሁት።»

ዘርጋው መሰላሉን ደገፍ ብሎ፣ «ሐያት ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ ዛሬ ተይው። መቀስ ሲሳለም ነው የዋለው» አለ። ነገሩን ስነግራት ሐያት አፏን በሻሿ ሸፈነች። «ያውቃሉ ብዬ ነው እኮ አባባ፣ መቀሱ ተስሎበታል» አለች። «አየሁት፣ ልጄ። ማየትማ አይቼው ነበር።» ዘርጋውም ከመጣ አይቀር ብሎ ወጣና ከስሟ ላይ የሸረሪቱን ድር ጠረገላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ደረስኩ። አንድ ክንድ ለካሁ፣ መስመሩ ላይ ቆረጥኩ፤ ሽቦውን ከፋለ መጥቶ አያያዘልኝ። ሸንበቆው ላይ ቀጥ አድርጌ አሰርኩት እንጂ አልጠመጠምኩትም። ከእጄ በላይ ሰቀልኩት። አዳፕተሯን ሰካሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ ሳልጨርሰው ባለቤቴ፣ «ክፈት፣ በርቷል» አለች።

በርቷል። ብልጭ አላለም፣ ድርግም አላለም። አዳፕተሯን ነካኋት፤ እንደ ሰው እጅ ለብ ብላለች። ድሩ ለብቻው፣ ማጉ ለብቻው። ጥላዬ ከሸማው ላይ ተነስቶ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ሄዶ ተቀምጧል።

«ስንት ክንድ ነው?» አለች ይመኙሻል።

«አንድ።»

«እጅህስ?»

«ሁለት። ይበቃሽ።»

በሰባተኛው ቀን ሸማውን ጨርሼ ቆረጥኩት። በዘጠነኛው ቀን ሕፃኗ ውሃው ሲነካት አለቀሰች፣ በልብሱ ስትጠቀለል ዝም አለች። እማሆይ መጥተው ነበር፤ ሐያትም ከውጭ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደጃፍ ቆማ ስትጠብቀን ነበረች። ቤት ስንመለስ ይመኙሻል ልብሱን በእጇ ስትዳስሰው፣ ከጫፉ አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። እዚያ ጋ ማጉ ሁለት ድር ዘሏል። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ለአራተኛ ጊዜ ያልፈታሁት፣ ያ የመጀመሪያው ክንድ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እሱ ጥብጣቡ አልበራም ያለ ቀን ነው» አልኳት።

«ትፈታዋለህ?»

«አልፈታውም። ስታድግ ትጠይቀኛለች፤ ከዚያ ላይ ጀምሬ እነግራታለሁ።»

ከጥብጣቡ ስምንት ክንድ ተርፎኛል፤ ገጹ የጨለመበት ካለ መቀስ ይዞ ይምጣ። የኔ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ፤ እናንተ ደግሞ ከጊደሯ ጀምሩና ወደ ኋላ ቁጠሩልኝ፣ የረሳሁት ካለ።